አየር በአየር የሚሸጡ የስፖርት መኪኖች፦ ዋጋቸው በምን ይወጣል? በምንስ ይወርዳል?

መኪና በተፈጥሮው የሚያረጅ ዕቃ ነው። ከመሸጫ አዳራሹ ወጥቶ ጎዳና በረገጠ ማግስት ከአዲሱ ዋጋ ላይ መቀነስ ይጀምራል። እንደ አሜሪካ ባሉ ሰፋፊ ገበያዎች ተራ የቤት መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ጎማው ይበላል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ በየዓመቱም የተሻለ ሞዴል ይመጣበታል። በዚህ ደንብ የማይተዳደሩ ጥቂት መኪኖች ግን አሉ። ከፋብሪካ የሚወጡት ተቆጥረው ነው፤ አንዳንዱ በመቶዎች፣ አንዳንዱም በአሥሮች ብቻ። የመጀመሪያው ገዥ ቁልፉን በተቀበለ ሰሞን ከከፈለው በላይ የሚሰጠው ሌላ ገዥ ሊያገኝ ይችላል። በመሆኑም ለፍጥነት የተሠሩት እነዚህ መኪኖች ብዙ ጊዜ ሳይነዱ በሽፋን ተከድነው ይቀመጣሉ።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ይህ ንግድ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ያከበራቸው ሰዎች አሉ፤ ያከሰራቸውም ብዙ ናቸው። ታሪኩ በጥሞና ሲታይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይወጣል፦ ገዥው ገንዘቡን የሚያፈስሰው በብረቱና በሞተሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ “ከዚህ ቁጥር በላይ አይሠራም” በሚለው ቃል ላይም ነው። ያ ቃል ደግሞ ያለው በገዥው ሳይሆን በአምራቹ እጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ገበያ ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ነው። የጣሊያኑ ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 ለውድድር ብሎ የሠራው ሲሆን፣ በተለመደው አቆጣጠር ብዛቱ 36 ብቻ ነው። አዲሱ በአሜሪካ ወደ 18 ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲያልፍ ግን እንደ ማንኛውም ያረጀ የውድድር መኪና ተቆጠረ። ከእነዚህ መኪኖች አንዱ በቴክሳስ ግዛት ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመካኒክነት መማሪያ ሆኖ ተሰጠ። በ1972 በ6 ሺህ 500 ዶላር ተሽጦ ወደ ኦሃዮ ግዛት ተወሰደ፤ በዚያም ተጎታች ላይ እንደተጫነ ዝናብና በረዶ እየተፈራረቀበት ከአሥር ዓመት በላይ ሜዳ ላይ ቆመ። የዚያው ዓይነት ሌላ መኪና ነሐሴ 2018 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በተካሄደ ጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። በኅዳር 2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ አንዱ በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ይህን የሰማ ሁሉ ያንን የኦሃዮ ሜዳ ማሰቡ አይቀርም። የመኪና ደላሎችም ታሪኩን የሚወዱት ለዚህ ነው። ነገር ግን በ1960ዎቹ ከተሠሩት የስፖርት መኪኖች አብዛኞቹ ወይ ለብረት ተሸጠዋል፣ ወይ ዝገው አልቀዋል። የሚወራላቸው የተረፉትና የተወደዱት ብቻ ናቸው። በ1972 ያን መኪና በ6 ሺህ 500 ዶላር የገዛው ሰውም ሆነ የሸጠው ወገን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የበለጠው ዋጋ የተከፈለው በግንቦት 2022 ነው። መርሴዲስ ቤንዝ በ1955 ሁለት ብቻ ከሠራቸው 300 ኤስ ኤል አር ኡህለንሀውት ኩፔ መኪኖች አንዱን በሽቱትጋርት በሚገኘው ሙዚየሙ ውስጥ በተደረገ ዝግ ጨረታ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ገንዘቡም ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ እንዲውል ተወሰነ። ይሁንና እንዲህ ያለው ሽያጭ ስለ ገበያው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የመኪና ገበያ ከመሆን ይልቅ የታላላቅ ሥዕሎችን ገበያ ይመስላልና።

የአንድ ነገር ብዛት ማነስ ብቻውን ዋጋ አይሆንለትም። ለዚህ የእንግሊዙ ማክላረን ኤፍ ዋን ጥሩ ምሳሌ ነው። መኪናው ለሕዝብ የታየው በ1992 ሲሆን፣ ሹፌሩ መሐል ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኙ እንዲቀመጡ ተደርጎ የተሠራ ነው። በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሮጥ የዘመኑ ፈጣን የጎዳና መኪና መሆኑ ተመዘገበ። ኩባንያው 300 ያህል ለመሥራት አስቦ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ ጊዜውም የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ የነበረበት ነው። ገዥ በመጥፋቱ የውድድሮቹን ጨምሮ 106 ብቻ ተሠርቶ በ1998 ምርቱ ቆመ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር ያነሰ የተነዳ፣ በነሐሴ 2021 በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ማክላረን ኤፍ ዋን ብርቅ የሆነው አምራቹ ቁጥሩን ስለገደበው ሳይሆን በጊዜው የሚገዛው ስለጠፋ ነው። ዛሬ “ብርቅ ነው” ተብለው በማስታወቂያ የሚሸጡት አብዛኞቹ መኪኖች መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ብርቅነቱ ከመሠራታቸው በፊት የተነገረ ነው።

ብርቅነት አስቀድሞ የሚሸጥበት ንግድ ጎልቶ የወጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በጥቅምት 1987 የዓለም የአክሲዮን ገበያዎች በድንገት ሲወድቁ፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በእጃቸው የሚይዙት፣ በዓይናቸው የሚያዩት ንብረት መፈለግ ጀመሩ። በጃፓን ደግሞ ብድር ርካሽ፣ የመሬትና የአክሲዮን ዋጋም ሰማይ የነካ ነበር። በዚህ መሐል የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። “ከእንግዲህ የእሳቸው እጅ ያረፈበት መኪና አይኖርም” የሚለው ስሜት ብቻውን ዋጋ ጨመረ።

ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳሉ የወጣው የመጨረሻው ታላቅ መኪና ኤፍ 40 ይባላል። ኩባንያው አርባ ዓመት የሞላውን መኪና የማምረት ታሪኩን ለማክበር በ1987 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ነው። በመጀመሪያ ሲነገር የነበረው 400 ያህል ብቻ እንደሚሠራ ነበር። ይህን የሰሙ ገዥዎች ቀብድ ለመክፈል ተሽቀዳደሙ። ወዲያውም ሁለተኛ ገበያ ተከፈተ፤ በወረፋው ፊት የቆሙት መኪናውን ሳያዩት ወረፋቸውን መሸጥ ጀመሩ። የወረፋው ዋጋ ከፋብሪካው ዋጋ በላይ ሆነ፤ ወረፋውን የገዛው ሰውም ለሌላ አትርፎ ሸጠው። ገና በማሳ ላይ ያለ፣ ያልታጨደና ያልተወቃ እህል ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሸጋገረ በየእጁ ዋጋ ሲጨመርበት እንደማለት ነው። አየር በአየር የሚባለው ንግድ ይኸው ነው።

ፌራሪ ግን ፈላጊው መብዛቱን አየና መሥራቱን ቀጠለ። እስከ 1992 ድረስ ከፋብሪካው የወጡት ኤፍ 40 መኪኖች ከ1 ሺህ 300 በላይ ሆኑ፤ መጀመሪያ ከተነገረው ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ኩባንያው የጣሰው ሕግ አልነበረም፤ መኪናው ተፈላጊ ሆኖ ሳለ አለመሥራትን የሚያስገድደው ነገር አልነበረምና። ኪሳራው የወደቀው ወረፋውን በውድ ገዝቶ በመጨረሻ በያዘው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውድቀት ፈጣን ነበር። የጃፓን የአክሲዮን ገበያ በታኅሣሥ 1989 መጨረሻ ጫፍ ላይ ደርሶ በሚቀጥለው ዓመት ቁልቁል ወረደ። በብሪታንያ የባንክ ወለድ እስከ 15 ከመቶ ደርሶ ስለነበር በብድር መኪና የገዙ ሰዎች ወለዱን መክፈል ከበዳቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ወጡ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ከላይ የተነሳው 250 ጂቲኦ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በ1989 ለአንድ ጃፓናዊ ሰብሳቢ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጦ የነበረ አንድ መኪና በ1994 ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መውረዱ በገበያው ታሪክ ይነገራል። በዓለም ላይ 36 ብቻ ያለው ዕቃ በአምስት ዓመት ውስጥ ከዋጋው ሦስት አራተኛውን ካጣ፣ በ1 ሺህ 300 የሚቆጠረው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዚህ ዘመን ከሆነው ሁሉ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው የጃጓር ኤክስ ጄ 220 ነገር ነው። ጉዳዩ የተጀመረው በንጹሕ ፍቅር ነበር። በብሪታንያው ጃጓር ኩባንያ የሚሠሩ መሐንዲሶች በዋና መሐንዲሱ ጂም ራንድል መሪነት ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ እየተሰበሰቡ የሕልማቸውን መኪና ሠሩ። በጥቅምት 1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርዒት ሲቀርብ ሕዝቡ ተጋፋ። የታየው መኪና አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ያለውና አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ ነበር። ስሙ ላይ ያለው 220 በሰዓት 220 ማይል፣ ማለትም 354 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመሮጥ የታሰበ መሆኑን ያመለክታል።

በታኅሣሥ 1989 ኩባንያው መኪናውን ለሽያጭ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ከ350 እንደማይበልጥም ተናገረ። ቀብዱ 50 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ሳለ 1 ሺህ 500 ያህል ሰዎች ለመግዛት ቀረቡ። ዋጋው ግብር ሳይጨመር 290 ሺህ ፓውንድ ሲሆን፣ በውሉ መሠረት ከዋጋ ግሽበት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ነበር። ከቀረቡት ሰዎች ብዙዎቹ መኪናውን ለመንዳት ሳይሆን በወረፋው ለማትረፍ የመጡ መሆናቸው በኋላ ታየ።

መኪናው በ1992 ለገዥዎች መድረስ ሲጀምር ሁለት ነገሮች ተለውጠው ነበር። አንደኛው መኪናው ራሱ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሲሊንደር ወደ ስድስት ወርዶ ሁለት ተርቦ ተጨመረበት፤ ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሄድ ሆነ። ፍጥነቱ ግን አልተጓደለም፤ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ስለነበር የዘመኑ ፈጣን የሽያጭ መኪና ተብሏል። ሁለተኛውና ዋናው ለውጥ የገበያው ነበር። ዋጋው በግሽበቱ ምክንያት ግብርን ጨምሮ ወደ 470 ሺህ ፓውንድ ሲደርስ፣ መኪናውን በዚያ ዋጋ ከገዥው እጅ የሚወስድ ሰው አልተገኘም። ቀብድ ከፋዮቹ “የታየን ሌላ፣ የቀረበልን ሌላ” እያሉ ከውሉ ለመውጣት ተሟገቱ። ኩባንያው በበኩሉ ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ውሉ ላይ የሰፈረው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ መኪና ስለነበር ክርክሩ ለገዥዎቹ አልሆነላቸውም። አንዳንዶቹ መኪናውን ላለመውሰድ ሲሉ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው ተሰናበቱ።

የተሠሩት ከ300 ያነሱ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አልቀው አልተሸጡም። ፋብሪካው በ1994 ሥራውን ካቆመ በኋላ ሳይሸጡ ከቀሩት አዳዲስ መኪኖች አንዳንዶቹ እስከ 1997 ቆይተው ግብር ሳይጨመር ከ130 ሺህ ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። በ1989 ወረፋ ለማግኘት ሲራኮቱበት የነበረው መኪና ማለት ነው። ዛሬ ያው መኪና በጨረታ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ያወጣል። ቀብድ ከፍሎ ለተሰናበተው ሰው ግን ይህ የሚፈይድለት ነገር የለም። ለነገሩ የሃያና የሠላሳ ዓመቱን ግሽበት ለሚያሰላ ሰው ያኔውኑ ገዝቶ ያቆየውም ቢሆን ትርፉ የሚያወራለትን ያህል አይሆንም።

ከዚያ ዘመን አምራቾች ብዙ ተምረዋል። አሁን መኪናው የሚሸጠው ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሳይሆን ለተመረጠ ሰው ነው። ፌራሪ በ2024 በጠቅላላው ለዓለም ያቀረበው 13 ሺህ 752 መኪና ነው። ከ2013 ጀምሮ የወጣው ላፌራሪ የተባለው ልዩ መኪና 499 ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ የተሸጠው ኩባንያው ለመረጣቸው ነባር ደንበኞች ነበር። በኋላ አምስት መቶኛው አንድ ተጨምሮ ተሠራና በታኅሣሥ 2016 በጨረታ በ7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ገንዘቡ በማዕከላዊ ጣሊያን በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ዋለ። ይህ ከመጀመሪያ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ወጪ አለ። ለልዩው መኪና ለመመረጥ አንድ ሰው አስቀድሞ የኩባንያውን ሌሎች መኪኖች በተከታታይ መግዛት ይጠበቅበታል። እነዚያ ተራዎቹ ሞዴሎች ደግሞ እንደ ማንኛውም መኪና ዋጋቸው ይቀንሳል። ስለዚህ “እገሌ በአንድ መኪና ሚሊዮን አተረፈ” ሲባል፣ ያን መኪና የማግኘት መብት ለመጨበጥ በሌሎቹ ያጣው ገንዘብ መቀነስ አለበት። ትርፉ በአደባባይ ይነገራል፤ ኪሳራው በየጋራዡ ይቀራል።

ሌሎች አምራቾች በውል ለማሰር ሞክረዋል። የአሜሪካው ፎርድ ከ2017 ጀምሮ ጂቲ የተባለውን የስፖርት መኪና ሲሸጥ ለመጀመሪያዎቹ 500 መኪኖች ከ6 ሺህ 500 በላይ ማመልከቻ ቀረበለት። ኩባንያው እያንዳንዱን አመልካች መርምሮ መረጠ፤ ገዥውም መኪናውን ለሁለት ዓመት እንዳይሸጥ በውል ተስማማ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጡ የሚከለክለውን ደንብ ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ከገዥዎቹ አንዱ የነፃ ትግል ስፖርተኛውና የፊልም ተዋናዩ ጆን ሲና ነበር። መኪናውን በተረከበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመሸጡ ፎርድ በኅዳር 2017 ከሰሰው። ጉዳዩ በ2018 በስምምነት ተቋጨ፤ መጠኑ ያልተገለጸ ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ተሰጠ። በግንቦት 2018 ደግሞ ወደ 450 ሺህ ዶላር የሚሸጠው ይኸው መኪና በኢንዲያናፖሊስ ጨረታ ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ፎርድም አጫራቹን ድርጅት ከሰሰ፤ እሱም በስምምነት አለቀ። አራት እጥፍ ዋጋ በሚታይበት ቦታ የውል ወረቀት የሚያግደው ሁሉንም አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

አምራቹ ግን ከፍርድ ቤት የበለጠ ኃይል አለው፤ ሌላ ተመሳሳይ መኪና መሥራት ይችላል። የጀርመኑ ፖርሽ በ2016 911 አር የተባለ መኪና አወጣ። ቁጥሩ 991 ብቻ ሲሆን፣ ተፈላጊ ያደረገው ማንዋል ማርሽ ያለው መሆኑ ነው። ያኔ የኩባንያው ፈጣን ሞዴል ጂቲ ሦስት በአውቶማቲክ ማርሽ ብቻ ይሸጥ ነበርና፣ ማርሹን በእጁ መቀየር የሚወድ ሹፌር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ከፋብሪካው ተመን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በመጋቢት 2017 ፖርሽ አዲሱን ጂቲ ሦስት ሲያስተዋውቅ ማንዋል ማርሽ በምርጫ የሚገኝ አደረገው፤ በዚያው ዓመት መገባደጃም ያለ ትልቁ የኋላ ክንፍ የሚቀርብ፣ ከ911 አር ጋር እጅግ የሚቀራረብ ዓይነት ጨመረበት። የ911 አር ዋጋ ወረደ። ቁጥሩ 991 ከመሆን አልተለወጠም፤ ቃሉም አልተጣሰም። ገዥዎቹ ብርቅ ነው ብለው የገዙት ነገር ግን ማርሹ ነበርና ብርቅ መሆኑ ቀረ። በከፍተኛው ዋጋ የገዙት ሰዎች ቁጥሩን አንብበው ምክንያቱን ሳያነቡ ቀሩ ማለት ይቻላል።

የቆመ መኪና ራሱን አይመግብም። ላም ወተት ትሰጣለች፣ ቤት ኪራይ ያስገኛል፣ መሬት ያበቅላል፤ የተቀመጠ መኪና ግን ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ሙቀቱና እርጥበቱ የተመጠነ መጋዘን፣ ኢንሹራንስ፣ የየዓመቱ ምርመራ ይፈልጋል። ባለመነዳቱም ይጎዳል፤ ጎማው ይደርቃል፣ ቺንጋው ይሰነጠቃል፣ ዘይቱ ይበላሻል። የኤፍ 40 የነዳጅ ሳልባትዮ ከጎማ የተሠራ ከረጢት ያለው በመሆኑ መኪናው ተነዳም አልተነዳ በየአሥር ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት። በጨረታ ሲሸጥ ገዥው በታላላቆቹ አጫራቾች ዘንድ ከ10 ከመቶ ያላነሰ የአጫራች ክፍያ ይጨምራል። ግብሩ እንደ ሀገሩ ይለያያል፤ በብሪታንያ ከግል መኪና ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ በአብዛኛው ከካፒታል ዕድገት ግብር ነፃ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን እንደ ሥዕልና እንደ ጌጣጌጥ በሚሰበሰቡ ዕቃዎች ተመን እስከ 28 ከመቶ ሊደርስ ይችላል።

ዋጋውን የሚወስነው ሌላው ነገር ማስረጃ ነው። የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መስማማት፣ የቀድሞ ባለቤቶች ዝርዝር፣ የጥገና ደረሰኞች፣ መኪናው በየትኛው ውድድር ማን እንደነዳው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሞተሩ የተቀየረ መኪና ከመጀመሪያ ሞተሩ ጋር ካለው ጋር በዋጋ አይገናኝም። ሊብሬው ከመኪናው ጋር ሳይገናኝ ቀርቶ የተጉላላ ሁሉ ይህን በትንሹ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚያ የአንድ ቁጥር መሳሳት ሚሊዮኖች ማሳጣቱ ነው። ከዚህ የተነሳ የተጭበረበሩ መኪኖችም አሉ፤ ፌራሪም የራሱን አሮጌ መኪኖች መርምሮ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ክፍል አቋቁሟል።

በኢትዮጵያም ያገለገለ መኪና ዋጋው አለመውረዱ፣ እንዲያውም ከተገዛበት በላይ መሸጡ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በሀገራችን መኪናን የሚያስወድደው የቀረጡና የኤክሳይዝ ታክሱ ክብደት፣ የውጭ ምንዛሬ እጥረት፣ የብር የመግዛት አቅም መቀነስ፣ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ነው። እነዚህ ሁሉ መንግሥት በሚያወጣው መመሪያ የሚወሰኑ ናቸው፤ መመሪያው ሲቀየር ዋጋውም ይቀየራል። የፌራሪ ገዥ የአምራቹን ቃል ሲጠብቅ፣ የቪትዝ ባለቤት የገንዘብና የትራንስፖርት ሚኒስቴሮችን ይጠብቃል።

በቅርብ ዓመታት የብርቅ መኪኖች ገበያ አንድ ዙር ደግሞ አይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የባንክ ወለድ ወደ ዜሮ ሲጠጋና ፋብሪካዎች ዕቃ ሲያጥራቸው ዋጋው በፍጥነት ወጣ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለዱን ከፍ እያደረገ በ2023 አጋማሽ ከ5 ከመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ ለማትረፍ ብቻ የተገዙት አዳዲስ መኪኖች ቀድመው መቀዛቀዝ ታየባቸው። እንደ ማክላረን ኤፍ ዋን ያሉት ጥቂቶቹ ብዙም አልተነቃነቁም። ባለቤቶቻቸው ብድር የሌለባቸው፣ ለመሸጥም የማይቸኩሉ በመሆናቸው ነው።

ፌራሪ በጥቅምት 2024 ኤፍ 80 የተባለውን አዲስ ልዩ መኪና ይፋ አድርጓል። ዋጋው ወደ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ገዥዎቹ ሁሉ ተመርጠው አልቀው ነበር። በ1995 የወጣው ኤፍ 50 የተሠራው 349 ነበር፤ ላፌራሪ ባለ ክዳኑ 499፣ ከዚያም ክፍቱ 210 ተጨመረበት። የኤፍ 80 ቁጥር 799 እንዲሆን ተወስኗል።